ሲጨንቀኝ የማውቀው ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ሰልፉ ረዝሞ አለቃዬ ከኋላዬ ሲቆም በየቀኑ የምጽፈው የይለፍ ቃል እንኳ ይጠፋብኛል፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ትዝ ይለኛል። አእምሮዬ እየተጎዳ ይሆን?
(አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ታክሲ ውስጥ ትዝ ማለቱ ትውስታው አለመጥፋቱን ያሳያል፤ የተቸገሩት ለጊዜው እሱን በማውጣት ላይ ነው። ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ብሩስ ማክዌንና ባልደረቦቹ፣ የዚህ ሆርሞን ዘመድ የሆነው ኮርቲኮስቴሮን በአይጦች አንጎል ውስጥ ለትውስታ ወሳኝ በሆነው በሂፖካምፐስ ላይ እንደሚያርፍ አሳዩ። ስለዚህ በጭንቀት ጊዜ ሆርሞኑ ሲበዛ፣ ይህ የአንጎል ክፍል የሚያውቁትን ፈልጎ ማውጣት ለጊዜው ሊከብደው ይችላል። አለቃዎን ከኋላዎ ማንሣት ከእኛ ሥልጣን ውጭ ቢሆንም፣ ከመጻፍዎ በፊት ጥቂት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ፤ መርሳቱ ተረጋግተው ሳሉም ከቀጠለ ግን ሐኪም ያማክሩ።