ትንኝ እንስሳ ናት ወይ?

ሃያ ሰባት ዓመት የአውቶሞቲቭ መምህር ስለነበርኩ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነዳጅ ፍጆታና ስለ ፍሬን ጩኸት ነው። በዚህ ወር ግን ካርቡሬተር አረፈ። አምስት አንባቢዎች ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ አነሱ፤ ከጓደኛ ጋር በቴሌግራም የሚደረግ የጥያቄ ጨዋታ፣ ያውም ስለ ማሽንና ስለ አደገኛ እንስሳ። ጨዋታው እኔንም ስለያዘኝ ገለልተኛ ዳኛ አለመሆኔን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ አዳማ አብረን ያደግን ሰባት ጓደኛሞች ነን። ዛሬ ሦስታችን እዚሁ ነን፤ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ደግሞ ቨርጂኒያ ይኖራሉ። ዓርብ ማታ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ዳኛው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓርብ የቨርጂኒያው ጓደኛችን “በየዓመቱ ከሁሉም በላይ ሰው የሚገድል እንስሳ ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጉማሬ አለ፤ ሌላው እባብ አለ። ጠያቂው ጎንደርን ከተቀበለ በኋላ “መልሱ ትንኝ ነው” ሲል፣ የድሬዳዋው “ትንኝ እንስሳ አይደለችም፤ ነፍሳት ናት፤ ጎንደርን መልስ!” ብሎ ተነሣ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራከርን። አሁን ሁለቱ አይነጋገሩም። ይፍረዱን።
— ዳኛው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ወባ የገደለችው ሰው 597,000 ያህል ነው። የእባብ ንድፊያ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይጨርሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ወደ 59,000 ይጠጋል። ጉማሬ ቁጡ ነው፣ ጀልባ ይገለብጣል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ጎን ለመቆም አይበቃም። በቁጥር የቨርጂኒያው ረትቷል።

በአማርኛ ግን ተረትቷል። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ትንኝም እንስሳ ናት፤ እዚያ ክርክር የለም። ጨዋታው የተካሄደው ግን በመጽሐፉ ቋንቋ አይደለም። በቤታችን ቋንቋ በሬና አህያ እንስሳ ናቸው፤ ጅብና ነብር አውሬ፣ እባብ ተሳቢ፣ ቁንጫ ተባይ፣ ትንኝ ነፍሳት። እናቴ ማታ “እንስሳቱ ውሃ ጠጡ ወይ?” ስትለኝ ስለ ትንኞቹ መጠየቋ አልነበረም። የቨርጂኒያው ልጅ ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል አምጥቶታል፤ በዚያ ቋንቋ አንድ ቃል የሚሸከመውን እኛ ለአምስት ከፋፍለነዋል። ተጠያቂዎቹ አራት እግር ያለው ነገር እያሰቡ ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ መልሱ ጆሯቸው ሥር ይጮህ ነበር።

ሁለተኛው እንከን “የሚገድል” ማለቱ ነው። ትንኟ ራሷ አትገድልም። የሚገድለው ከምራቋ ጋር ደም ውስጥ የሚገባው ፕላዝሞዲየም የሚባል ጥገኛ ነው። የምትነድፈውም ሴቷ ብቻ ናት፤ ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ወለላ ቀስሞ ያድራል፤ በሰው ላይ ምንም ወንጀል የለበትም። ገዳይን ከአስገዳይ በሁለት ፊደል የሚለይ ቋንቋ ይዘን እንዲህ የላላ ጥያቄ መጠየቅ ያሳፍራል።

የድሬዳዋው ልጅ ነገሩን ማክረሩም አይግረማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘች ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። ሌሎቹ ረግረግ ሲፈልጉ እሷ በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፤ ስለዚህ ከተማ ይስማማታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ስሟ የተጠራው የእሷው ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ትንኝ የዓርብ ማታ ጨዋታ ብቻ አይደለችም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ጎንደር ለባለቤቱ ይመለስ፤ ጥያቄው በሚቀጥለው ዓርብ እንደሚከተለው ታርሞ እንደገና ይቅረብ።

እንቆቅልሽ!
ምን አውቅልህ?
ባሏ አበባ ይቀስማል፣ እሷ ደም ትቀዳለች፤ ሳትገድል ታስገድላለች።

ይህን ሰምቶ እንስሳ ናት ነፍሳት ብሎ የሚሟገት ሰው ከተገኘ፣ እርሱን በእኔ በኩል ከቡድኑ አሰናብቱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነኝ። የእኛ ቡድን ጥያቄ ሁሉ ቁጥር ሆኗል፤ “ይህ መኪና ስንት ሲሲ ነው?”፣ “ያ አውሮፕላን ስንት ቶን ይጭናል?” የሚል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ከስልኩ ፈልጎ ይመልሳል። ስልክ ቶሎ የማያገኘው የማሽን ጥያቄ እንዴት ይሠራል?
— መካኒኩ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስልክ ስም የተሰጠውን ነገር ይፈልጋል። አንተ ስሙን ደብቀህ ጠባዩን ንገረው። አያቶቻችን “ወንዝ ስንት ኪሎ ሜትር ይረዝማል?” ብለው አልጠየቁንም፤ “ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው?” ነው ያሉን። በእጅህ ፈትተህ የገጠምከውን ነገር ያዝና በዚያው መንገድ አስነግረው። እኔ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከምለዋወጣቸው ጥቂቶቹን ላካፍልህ።

“ጢንዚዛ ነኝ፤ ሻንጣዬ ከፊት፣ ሞተሬ ከኋላ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ አልጠጣሁም።” ቮልስዋገን ነው፣ በየሰፈሩ ቮልስ የምንለው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ነው። አንድ ዓመት አዲስ ተማሪ የፊቱን ኮፋኖ እንዲከፍት አዘዝኩት። ከፈተ፤ ደንግጦ ዘጋው፤ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ ሌሎቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ “መምህር፣ ሞተሩን ሰርቀውታል” አለኝ። ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው። ጥያቄውን ስልክለት እስካሁን አይመልስልኝም።

“ካንዴላ የለኝም፤ እሳት ግን አላጣሁም።” ለአንተ ይህ ቀላል ነው፤ ቡድንህ ውስጥ ላለው የባንክ ሠራተኛ ግን አንድ አገር ያስከፍለዋል። የናፍጣ ሞተር ነው። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው ስለሚግል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ብልጭታ ይነድዳል።

“በርሜል ነኝ ብዬ ተወለድኩ፤ ሳድግ ምሽግ አፈረስኩ።” ታንክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይህን ማሽን በምስጢር ሲሠሩ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ብለው አወሩ፤ የሽፋን ስሙም በዚያው ጸና። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1916 ሶም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ ሲገባ ምስጢሩ ወጣ። የእኛ ታንክና የእኛ የውሃ ታንከር ዘመዳሞች መሆናቸውን ስንቱ አስቦት ያውቃል?

ማሽንና እንስሳ በአንድ ጥያቄ ሲገናኙማ ይበልጥ ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. በ1904 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤንጃሚን ሆልት በጎማ ፈንታ በሰንሰለት የሚሄድ ትራክተር ሠራ። ፎቶ ሊያነሣው የመጣ ሰው አካሄዱን አይቶ በአባጨጓሬ መሰለው፤ ዛሬ መንገድ ሲሠራ የምናየው ካተርፒላር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ፦ “ትንሹ ሲነካኝ አሳከከኝ፤ ትልቁ ሲነካው ተራራው ተናደ፤ ስማቸው ግን አንድ ነው።”

ከእንግሊዝኛ የመጣ ጥያቄ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 የሚባለው ኮምፒውተር ሲበላሽ ሠራተኞቹ ከመቀያየሪያዎቹ መካከል አንዲት የሞተች የእሳት እራት አገኙ፤ በመዝገቡ ላይም ለጠፏት። መዝገቡ ዛሬ በአሜሪካ ቤተ መዘክር ይገኛል። የእንግሊዝኛው ቀልድ በእነርሱ ቋንቋ “ባግ” ነፍሳትም የማሽን ብልሽትም መሆኑ ነው፤ ወደ እኛ ሲሻገር ቀልዱ መንገድ ላይ ይሞታል። አማርኛ ግን የራሱን ስጦታ አስቀምጧል፦ “የእሳት እራት ሆኜ ተወልጄ የኤሌክትሪክ እራት ሆንኩ።” ይህን ከስልክ ፈልገው ያምጡት እስቲ!

አንድ የአውሬ ልጨምርልህና ወደ ሥራህ ተመለስ። “በሩን ሲዘጋ በሬ ይሰብራል፤ ሊከፍት ሲል ገመድ ያሸንፈዋል።” አዞ ነው። የአውስትራሊያው የጨው ውሃ አዞ ንክሻ ተለክቶ ከ16,000 ኒውተን በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአንድ ቶን ተኩል ሸክም አልፏል ማለት ነው። አፉን የሚከፍቱት ጡንቻዎች ግን ደካሞች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በማሰሪያ ይያዛል። አርባ ምንጭ ሄደህ በጫሞ ዳር አዞ ገበያን ብታይ ግን ማሰሪያውን ለባለሙያዎቹ ተው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና ጓደኞቹ በስልክ ሲጠያየቁ “አንድ ፈረስ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?” ተባለ። እኔ ከጓዳ ሆኜ “አንድ ነዋ!” ብል ሁሉም ሳቁብኝ፤ “አሥራ አምስት ነው” አሉ። እኔ ፈረስ ባለበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ማን ነው የተሳሳተው?
— ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ የሳቁት ቸኩለዋል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥላቸው የፈለገው በፈረስ ወፍጮ ለሚያስፈጩና ውሃ ለሚያስቀዱ ሰዎች ነበር። “የእኔ ሞተር የዚህን ያህል ፈረስ ይተካል” ለማለት፣ ፈረስ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የሚያወጣውን ጉልበት ለክቶ መስፈሪያ አደረገው። ሰባ አምስት ኪሎ፣ ማለትም ሩብ የጎደለው ኩንታል፣ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ አንድ የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። አሥራ አምስት የሚባለው አንድ ብርቱ ፈረስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሲበረታ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ለሽምጥ አሥራ አምስት፣ ለእርሻና ለጋሪ አንድ ገደማ። ቀኑን ሙሉ የሚውለውን ፈረስ የሚያውቁት እርስዎ ኖት። በሚቀጥለው ጊዜ “ስንት ሰዓት ሲሠራ?” ብለው ይጠይቋቸው፤ ዝም ካሉ አገር ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ልጄ ከጓደኞቿ የሰማችውን ጥያቄ ይዛ መጣች፤ “በኤሌክትሪክ የሞት ወንበር ላይ ዙፋን ብሎ የተቀመጠው ንጉሥ ማን ነው?” መልሱ ምኒልክ ነው አሉ። እውነት ነው?
— እናት

መልስ፦ አይደለም። በዚያ ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1890 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ምኒልክ ወንበሩን አዘው ሲመጣ መብራት አለመኖሩ ትዝ አላቸው የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የሌለው የመዝናኛ ጽሑፍ ፈጠራ ነው። ስልክና ባቡር ያስገቡ ንጉሥ ኤሌክትሪክ የሚፈልግን ዕቃ ያለ ኤሌክትሪክ አዘዙ ብሎ ማሳቅ ለእኔ አይጥመኝም። ለልጅዎ በምትኩ ይህን ይስጧት፦ “ጭስ የምተነፍስ እባብ ነኝ፤ ከባሕር ተነሥቼ ለዓመታት ያረፍኩበት ሜዳ ከተማ ሆነ።” ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ጥያቄ፦ ጃርት እሾኋን ትወረውራለች? ጥቁር ማምባ የሚባለው እባብስ ለምን ጥቁር አይደለም?
— የስድስተኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ አትወረውርም። እሾኋ በቀላሉ የሚነቀል ስለሆነ፣ ተንደርድራ ወደ ኋላ ስትወጋህ አንተ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። የማምባው ጥቁረት ደግሞ የአፉ ውስጥ ነው፤ ቆዳው ግራጫና ቡናማ ነው። ጥቁሩን ካየህ አፉን ከፍቶልሃል ማለት ነውና ጥያቄውን ትተህ ቀስ ብለህ ራቅ።

ለሚቀጥለው ወር ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ እውላለሁ፤ ዋና ግን አላውቅም። ሣር በል ነኝ፤ ሰው ይፈራኛል። ቀይ ያልበኛል፤ ደም ግን አይደለም። ስሞት ስሜን ለአለንጋ አወርሳለሁ። ያልመለሰ አገር ይላክልኝ፤ ጎንደር ግን ሁለቱ የአዳማ ልጆች እስኪታረቁ ድረስ በእኔ እጅ ተይዛለች።