ማቅለሚያ ለብቻው ቀለም አይደለም፤ ስለ እንጨትና ግድግዳ ማቅለም ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ በር፣ ቁምሳጥንና ግድግዳ ስቀባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ስለ ማቅለሚያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ማቅለሚያ የምለው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ወፍራም መልክ ሰጪ ነው፤ ቫርኒሽ ወይም ነጭ ቀለም ውስጥ ጠብ የሚደረገውን። በየሱቁ ስሙ ይለያያል። ጥያቄው ከከዚራም፣ ከሳቢያንም፣ ከሐረርም መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ ገዝቼ በሩን በቀጥታ ቀባሁት። አራት ቀኑ ነው፣ አሁንም እጅ ያቆሽሻል። በድሬ ሙቀት እንዴት አይደርቅም?

ወንድሜ፣ ወር ብትጠብቀውም እንደ ቀለም አይጠነክርልህም። ቀለም ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንዱ መልክ የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት ነው፣ ፒግመንት የሚሉት። ሁለተኛው ዱቄቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ነው። ሦስተኛው ማቅጠኛው ነው። አንተ የገዛኸው ጠርሙስ ውስጥ ማያያዣው የለም። ዱቄቱ ግላይኮል በሚባል፣ ቶሎ በማይተን ፈሳሽ ታሽቶ ነው የታሸገው። ስለዚህ በርህ ላይ ያለው እርጥብ ዱቄት ነው። የሚይዘው ነገር የለም።

አትደንግጥ፣ ይስተካከላል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አድርግና በጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግም። እንጨቱ ውስጥ የሰረገው ይቀራል፤ እሱ ጥሩ መልክ ይሰጥሃል። ሁለት ሦስት ቀን አድርቀውና አንድ እጅ ቀጭን ጎማላካ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟውን የእንጨት መቀቢያ፣ ቀባው። ከዚያ በላዩ ቫርኒሽ።

ይህንን ያስቀደምኩት ከታች የምመልሰው አብዛኛው ነገር ከዚሁ ስለሚመጣ ነው። ማቅለሚያ መልክ ብቻ ነው። ጥንካሬውን የሚሰጠው የምትጨምርበት ቫርኒሽ ወይም ቀለም ነው።

ለአንድ ሊትር ስንት ይበቃል?

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እዩ። ካልተጻፈ ከመቶ አምስት እጅ እንደ ጣሪያ ያዙት። ለአንድ ሊትር 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለቫርኒሽ ግን እኔ ከ10 ሚሊ ነው የምጀምረው። ከ20 ያለፍኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙና በእሱ ለኩ። በዓይን ግምት "ትንሽ ጠብ" ማለት ሥራ ያበላሻል። ጠብ ያለውን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ሥራ ስጀምር አንድ ሱቅ ባንኮኒውን እንዳጠቁርለት አዘዘኝ። ቶሎ እንዲጠቁር ብዬ ቫርኒሹ ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ ደፋሁ። መልኩ አማረ፣ አልደረቀም። የደንበኞች ክንድ ሲያርፍበት ይጣበቅ ነበር። በራሴ ወጪ ፍቄ እንደገና ሠራሁት። መጠን ሲያልፍ ቫርኒሹ ያን ሁሉ ዱቄት መያዝ ያቅተዋል። ግላይኮሉም ውስጡ ይቀርና ለስላሳ ያደርገዋል።

ደማቅ ቀይ ፈልጌ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ቀይ ጨመርኩ። ሮዝ ሆኖ ቀረ።

እህቴ፣ ስድስትም ብትጨምሪ ሮዝ ነው። ነጩ ቀለም ውስጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል በጣም ኃይለኛ ነጭ ፒግመንት አለ። ብርሃኑን ሁሉ መልሶ ይበትናል፤ ቀዩን ይውጠዋል። ለደማቅ መልክ ነጭ ያልገባበት ወይም በጣም ጥቂት የገባበት መነሻ ቀለም አለ። መልክ በማሽን የሚቀምሙ ሱቆች ዘንድ ጠይቂ። ጣሳው ሲከፈት ወተት መሳይ ሊሆን ይችላል፤ ሲደርቅ ግን መልክ አይሸፍንም። ያንቺን ሮዝ አትጣይው፤ ለልጆች ክፍል ያምራል። ብቻ ሦስት ጠርሙስ ስላለበት እስኪደርቅ ታገሺው።

አንዱ ማቅለሚያ ለሁሉም ይሆናል ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?

ለብዙው ይሆናል፣ ለሁሉም አይሆንም። ለፕላስቲክ ቀለም፣ ለዘይት ቀለምና ለተራው በዘይት ለተሠራ ቫርኒሽ ይሆናል። ናይትሮ በሚባለው፣ ቶሎ በሚደርቀው ቫርኒሽ ላይ አልመክርም፤ አይዋሃድም፣ ይቋጠራል። ሁለት ጣሳ ተደባልቆ በማጠንከሪያ የሚደርቀው ቫርኒሽ ውስጥማ ፈጽሞ አታስገቡ። ግላይኮሉ ማጠንከሪያውን ይበላዋል፤ ቫርኒሹም ሳይጠነክር ይቀራል። ለእነዚህ የየራሳቸው ማቅለሚያ አለ። ጎማላካ የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ደረቅ ዱቄት ፒግመንት ወይም በአልኮል የሚሟሟ ቀለም ይሻለዋል።

ጥርጣሬ ሲገባኝ በጣት እፈትሻለሁ። የተቀየጠውን ቁራጭ እንጨት ላይ ቀቡ። መጠጠት ሲጀምር ግማሹን በጣታችሁ አሹት። የታሸው ቦታ መልኩ ከተለየ ዱቄቱ ተቋጥሯል፤ በደንብ አልተሠራጨም። ያን ቅይጥ በር ላይ አታውጡት። እንደገና በደንብ አማስሉና ፈትሹት። ከደገመ ማቅለሚያውና ቫርኒሹ አይስማሙም።

የዋንዛ በር አለኝ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። ንጹሕ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ፣ ዓመት ሳይሞላ ይላጣል። ማቅለሚያ ይረዳዋል?

በጣም ይረዳዋል። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ የድሬ በር ሁሉ ችግር ነው።

ንጹሕ ቫርኒሽ እንደ መስታወት ፀሐይን ያሳልፋል። የፀሐይዋ የማይታይ ጨረር አልፎ እንጨቱን ይመታል። እንጨት ውስጥ ሊግኒን የሚባል፣ ጭረቱን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር አለ። ጨረሩ እሱን ይፈረካክሰዋል። ላይ ያለው ቫርኒሽ ደህና ቢሆን እንኳ የተያዘበት እንጨት ሲላላ አብሮ ይነሣል። ቫርኒሹ ሲላጥ ከሥሩ ግራጫ ወይም የላላ ጭረት ታያለህ፤ ምልክቱ ያ ነው።

ፒግመንት ለእንጨቱ ጥላ ይሆንለታል። በተለይ ከብረት ዝገት ዓይነት የሚሠሩት ቢጫ፣ ቀይና ቡናማ ጨረሩን ይውጡታል። በደቃቁ የተፈጨ፣ የእንጨቱን መልክ የማይሸፍን ዓይነትም አላቸው፤ ካገኘህ እሱን ያዝ። ለዋንዛ እኔ ለአንድ ሊትር 6 ሚሊ ቢጫ፣ 3 ሚሊ ቡናማና 1 ሚሊ ቀይ ነው የማደርገው። መልኩ ራሱ ዋንዛ ይመስላል። ዋንዛን ጥቁር አድርጉልኝ ሲሉኝ ልቤን ያመኛል፤ ያን የመሰለ እንጨት ለምን ይሸፈናል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የላላውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ጤነኛው እስኪወጣ ፋቀው። ይህን ከዘለልክ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የውጭ ቫርኒሽ መሆኑን አረጋግጥ። መጀመሪያ አንድ እጅ ያልተቀለመ፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ ቀባ። ከዚያ ሁለት እጅ የተቀለመ። በመጨረሻ አንድ እጅ ያልተቀለመ፣ መልኩን ከመፋቅ የሚጠብቅ። የበሩን ጫፍና ታች አትርሳ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው። እኛ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ከቀባህ ብሩሹ ሳይመለስ ጠርዙ ይደርቅና መስመር መስመር ይሆናል። ንጋት 12 ሰዓት ጀምርና በሦስት ሰዓት ጨርስ። ሐረር ያሉት ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ስላሉ ትንሽ ፋታ አላቸው።

የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ አቅልሜ ዝንጉርጉር ሆነ።

ያልተደፈነ እንጨት እኩል አይመጥም። አንዱ ጋ ይጠጣል፣ አንዱ ጋ ይተፋል። መጀመሪያ ቀጭን ጎማላካ ወይም የቀጠነ ቫርኒሽ ቀቡና በስሱ ፍተጉት፤ መልኩን ከዚያ በኋላ በተቀለመ ቫርኒሽ አምጡ። ከድርቡ ጋር መልኩ እየጨለመ ስለሚሄድ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ፈዘዝ አድርጋችሁ ጀምሩ።

የምጽፈው ከሐረር፣ ከጁገል ውስጥ ነው። የእናቴ ቤት ጌይ ጋር፣ ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት ነው። ነደባውን እንደ ድሮው ቀይ ማድረግ እንፈልጋለን። ባለፈው በዘይት ቀለም አስቀብተነው እየተቀረፈ ነው። ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ለማያውቀው ልንገር። ነደባ በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ውስጥ ያለው ደረጃ ደረጃ መቀመጫ ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ሲሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ቀዩ እንዲያው ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ መልኩን መሳት አይገባም።

ዘይት ቀለሙ የተቀረፈው ነደባው በድንጋይና በጭቃ ስለተሠራ ነው። እርጥበት ከውስጥ ይመጣል፣ መውጫ ይፈልጋል። ዘይት ቀለም እንደ ላስቲክ ይዘጋበታል፤ እርጥበቱም ገፍቶ ያነሣዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል።

የዘይት ቀለሙን በሙሉ አንሡ፤ ኖራ በላዩ አይይዝም። በእሳትና በጠንካራ መድኃኒት ሳይሆን በመፋቂያ፣ ቀስ ብላችሁ። የቆየ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈትጉት፤ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ልጆችንም አርቁ። ከዚያ ውሃ ተጨምሮበት ፈልቶ የበረደና የቆየ ኖራ እንደ ወተት አቅጥኑ። ማቅለሚያው የብረት ቀይ ዱቄት ይሁን፣ ዝገት ቀይ የምንለው። ኖራ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ብዙ መልክ ያቃጥላል። የብረት ቀይ ግን አይነካውም። ዱቄቱን ማታ በውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በጨርቅ አጥልላችሁ ከኖራው ጋር ቀይጡት። ዱቄቱ ከኖራው ክብደት ከመቶ አሥር እጅ አይለፍ። ካለፈ ልብስ ላይ ይለቃል፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ነው። ነደባውን አርጥቡ፣ በስሱ ቀቡ፣ በየቀኑ አንድ እጅ፣ አራት አምስት ጊዜ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ኖራ ዓይን ይጎዳል።

አንድ ነገር አትርሱ። ኖራ እርጥብ ሳለ ጠቆር ይላል፣ ሲደርቅ በጣም ይነጣል። ኖራ ነጭ ስለሆነ የሚወጣው ቀይ ከዘይቱ ለስለስ ይላል። እጅግ ጥልቅ ቀይ ከፈለጋችሁ ከኖራ ይልቅ ቀይ አፈሩን ራሱን የሚለቀልቁ እናቶችን ጠይቁ፤ እነሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ ከቤቱ ውጭ የምትነኩት ነገር ካለ ቅርስ ቢሮውን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ነጭ ልብስ የሚታጠብበትን ሰማያዊ ኖራ ውስጥ መጨመር እንችላለን?

ዱቄት የሆነው የድሮው ዓይነት አልትራማሪን ከሆነ አዎ፤ ኖራ አይጎዳውም። ፈሳሹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሟሟ ቀለም ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ያጠፋዋል።

ቡና፣ የምግብ ቀለም፣ የፕሪንተር ቀለም እንጨት ላይ ይሆናሉ?

የምግብና የፕሪንተር አይሆንም፤ ይለቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ወፍራም ቡና ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ደስ የሚል ወርቃማ ቡናማ ይሰጣል። የሐረር ሰው ቡናውን ለዚህ ካዋለው ግን ቅር ይለኛል።

ሱቅ ውስጥ ያማረው መልክ ቤት ሲገባ ሌላ ሆነ።

መብራቱ ነው። ናሙናውን በምትቀቡት ክፍል ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ እዩት። ደግሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ይላል። አራት ባልዲ ከሆነ አራቱንም በአንድ ትልቅ በርሜል ቀይጡ። ለየብቻ የተቀለመ ባልዲ የቱንም ያህል ብትለኩ ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ለሕፃን አልጋ ደማቅ ቢጫ ዱቄት አገኘሁ፣ ርካሽ ነው። ልጠቀምበት?

እባክሽ አትጠቀሚበት። ስሙ ያልተጻፈበት ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት የእርሳስ ክሮሜት ሊሆን ይችላል። ሕፃን አልጋውን ይነክሳል። እርሳስ አእምሮን ይጎዳል፣ የጎዳው ደግሞ አይመለስም። በአገራችን ሕግ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 ክፍል አይበልጥም። ይዘቱ የተጻፈበት፣ የታሸገ ቀለም ግዢ። ዱቄቱን የሸጠልሽ ሰው ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ መልሺለት።

የተረፈውን ጠርሙስ እስከ መቼ ማስቀመጥ እችላለሁ? ላዩ ቀጭን ውሃ ሆኗል፣ የተበላሸ መሰለኝ።

አልተበላሸም፣ ዘቅጦ ነው። አፉን ጠርገህ ክዳኑን ግጠም፣ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጠው። ቲነር አትጨምርበት። ከመለካትህ በፊት ሁለት ደቂቃ ናጠው፤ ከታች ደግሞ በእንጨት አማስለው። የዘቀጠው ነው መልኩ፤ ላይ ላዩን ብቻ ብትቀዳ ዛሬ የፈዘዘ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የጠቆረ በር ይወጣልሃል።