ሮድስ ላይ የትኛው ባሕር ዳርቻ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዘን የግሪክ ደሴት ወደሆነችው ሮድስ ልንሄድ ነው። ኢክሲያ ያገኘነው ሆቴል ፋሊራኪ ካለው ረከስ ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ነፋሱ ነው። በዚያ ወቅት ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ኢክሲያና ያሊሶስ ፊት ለፊት ይቀበሉታል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ይነሳል። ዳርቻው ጠጠር ስለሆነ ውሃው ሲመለስ ድንጋዩን ከእግር ሥር ይጎትታል፤ ትንሽ እንደገቡም ይጠልቃል። ዊንድሰርፍ (ሸራ ባለው ሰሌዳ ውሃ ላይ መንሸራተት) የሚወድ ሰው የሚመጣው ለዚሁ ነው፤ ለልጆች ግን አልመክርም። ፋሊራኪ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ተራሮቹ ነፋሱን ይቀንሱለታል፤ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ሆቴሉን ከመጠጥ ቤቶቹ ጎዳና ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ አለዚያ ሌሊት እንቅልፍ የለም። መኪና ከተከራያችሁ ፃምቢካ የተባለው ባሕር ዳርቻ ከሁሉም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ዳርቻው ላይ የሚደረደረውን አልጋና ጃንጥላ መከራየት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በግሪክ ሕግ ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው፤ አልጋ ባልተደረደረበት ቦታ ፎጣዎን ማንጠፍ ይችላሉ። አንቶኒ ኩዊን ወሽመጥ ከሄዱ ግን የውሃ ጫማ ያስፈልጋል፣ ድንጋያማ ነው።

ጥያቄ፦ ሊንዶስ በአውቶቡስ ይኬዳል?

መልስ፦ አዎ፣ ከሮድስ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አክሮፖሊሱን (ኮረብታው ላይ ያለውን ጥንታዊ ምሽግ) በጠዋት ይጨርሱ፤ ቀትር ላይ ጥላ የለም፣ ድንጋዩም በብዙ እግር ተወልውሎ ያንሸራትታል። ከዚያ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ወርደው ይዋኙ። የሐዋርያት ሥራ 21፥1 ሮድስን ይጠቅሳል፤ ሐዋርያው እዚህ ወሽመጥ ላይ አረፈ የሚለው የአካባቢው ትውፊት ነው። ሲደርሱ የመመለሻውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፍልሰታን እዚያ ነው የምጾመው። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቸገሪም። ግሪኮችም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ፤ «ኒስቲሲሞ» (የጾም) ካልሽ አስተናጋጁ ይገባዋል። ነገር ግን በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ የጾም ምግብ ናቸው፤ ስለዚህ የባሕር ነገር እንደማትበዪ ለይተሽ ንገሪ። ጂጋንደስ (በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ) እና ፋቫ (ተቀቅሎ የላመ ቢጫ ክክ) ጥሩ ናቸው። ዶልማዴስ (በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ) ሥጋ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቂ፤ ሰላጣ ስታዢ «ሆሪስ ፌታ» (ያለ ፌታ አይብ) በይ፣ አለዚያ አይብ ተጭኖበት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለኝ። ከሮድስ በጀልባ ቱርክ ያለችው ማርማሪስ ደርሼ ልመለስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ግሪክ የምትገባበትን የሸንገን ቪዛህን እይ። የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ወደ ቱርክ ስትሻገር ያበቃል፣ መመለሻ የለህም። ቱርክም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ለቀን ጉዞ ሲሚ ሂድ፤ የግሪክ ደሴት ስለሆነች ይህ ጣጣ የለባትም።