ቁርጡ ሳይታወቅ ድምፅ መስጠት፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ኑሮና ስለ ምርጫ የሚጠይቀኝ ስለበዛ ዛሬ ማታ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰው በትልቅ የኢኮኖሚ ጉዳይ ላይ የሚወስነው አስልቶ ነው ወይስ በስሜት?

መልስ፦ በሁለቱም፤ ስሌቱ የሚነሳው ግን ሰውየው ከቆመበት ቦታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ያሳዩትን በብር ልንገርሽ። «1,000 ብር አሁኑኑ ውሰጂ፣ ወይም ሳንቲም ተወርውሮ 2,000 ይድረስሽ ወይ ባዶ እጅሽን ሂጂ» ሲባል አብዛኛው ሰው 1,000ውን ይወስዳል። «1,000 ክፈዪ፣ ወይም ሳንቲም ተወርውሮ 2,000 ክፈዪ ወይ ምንም አትክፈዪ» ሲባል ግን አብዛኛው ሳንቲሙን ይመርጣል። ሰው ሲያተርፍ ይጠነቀቃል፣ ኪሳራ ሲመጣበት ይደፍራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግሪኮች ባንካቸው ተዘግቶ እያለ እንዴት «እምቢ» አሉ? ፍርሃት «እሺ» አያሰኝም?

መልስ፦ በ2015 ሰኔ ማብቂያ ላይ ባንኮች ተዘጉ፤ ከማሽን በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት ተከለከለ። ጡረተኞች በተዘጋ የባንክ በር ላይ ተሰለፉ። በሳምንቱ ሕዝቡ «አበዳሪዎቻችን ለብድሩ ያቀረቡትን የቁጠባ ሐሳብ እንቀበል?» ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 61 የሚሆነው ጣለው። ደመወዙና ጡረታው ለዓመታት ሲቆረጥ ለኖረ ሰው «እሺ» ማለት የተረጋገጠ ኪሳራ ነበር፤ «እምቢ» ደግሞ ወዴት እንደሚያወጣ ባይታወቅም አንድ ቀዳዳ። ቁጣም ነበረበት። የፈራ ሰው አደጋው ይገዝፍበታል፣ የተቆጣ ሰው ያንስበታል። ሞኞች የሚሏቸው አሉ፣ እኔ አልልም። የሚያሳዝነኝ መንግሥታቸው ሳምንት አለፍ እንዳለ የባሰ ከባድ ውል መቀበሉ ነው።

ጥያቄ፦ ስኮትላንድስ?

መልስ፦ የተገላቢጦሹ። በ2014 «ከብሪታንያ ብንገነጠል በምን ገንዘብ እንገበያያለን?» ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኙ ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 55 በነበረው ጸና።

ጥያቄ፦ እንግሊዞችን ማስፈራራቱ ለምን አልሠራም?

መልስ፦ በ2016 ከድምፁ በፊት የገንዘብ ሚኒስቴሩ «ከአውሮፓ ኅብረት ብንወጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በ2030 በዓመት 4,300 ፓውንድ ያጣል» ብሎ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዓመት በሆነው ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ በእጁ ገብቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው። ከመቶ 52 «እንውጣ» አለ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ እኛ ጋ አምጣው!

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ድምፅ አልሰጠንበትም፣ ስሜቱ ግን ያው ነው። በዚያ ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ቬንትሌተር ልገዛ ሄድኩ። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ባለሱቋ «አልሸጥም» አለችኝ። «ነገ በስንት እንደምተካው ሳላውቅ ዛሬ በስንት ልሽጥልህ?» ስግብግብ የሚላት ይኖራል፤ እኔ ግን ጨንቋት አየሁ። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በስልኳ ምንዛሪ ታያለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ደግሞ ታየዋለች። የምርጫ ካርድ ብትሰጧት የዚያን ቀን የምትመርጠው «ነገ ይህ ይሆናል» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚነግራትን ነበር፣ ትክክል ይሁንም አይሁን።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ ነገር ሲወራ «የያዝኩት ይበቃኛል» ትላለች። ልሟገታት?

መልስ፦ አትሟገቻት። በጡረታ የምትኖር ሴት ከተሳሳተች የምታካክስበት ጊዜ የላትም፤ ጥንቃቄዋ ልክ ነው። ይልቅ የወር ወጪዋን ያዢና ከዘይቱ ጀምረሽ በያዘችውም በአዲሱም መንገድ ስንት እንደሚፈጅ አብረሽ አስሊላት። ከዚያ ራሷ ትወስን።