ዶሮዎቼ ላባቸው እየረገፈ ነው፣ ምን መድኃኒት ልስጥ?

ከሞጆ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «30 ቦቫንስ ዶሮ አለኝ፣ እንቁላል ከጀመሩ ወዲህ ላባቸው ይረግፋል፣ ከኋላ ደም አላቸው፣ 2 ሞተውብኛል፣ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ አበራላቸዋለሁ ግን ለውጥ የለም። መድኃኒት ንገረኝ።»

እህቴ፣ የመድኃኒቱን ብር ለጊዜው ያዥው። «ላባ ይረግፋል» ብቻ ብትዪኝ ቅማል ነው እል ነበር፣ «እንቁላል ከጀመሩ ወዲህ» እና «ከኋላ ደም» ስትዪ ግን ገባኝ፣ ዶሮዎችሽ እርስ በርስ እየተነቃቆሩ ነው።

ነገ ጠዋት በሩ ጋ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለሽ ቁሚና እያቸው። ጭንቅላት ላይ አንዴ ጠቅ አርጋ የምትተወውን እለፊያት፣ እሱ የአለቅነት ጉዳይ ነው፣ የትም ቤት አለ። ሌላዋን ከኋላ እየተከተለች ጭራዋ ሥር የምትነቁረውን ነው መያዝ ያለብሽ፣ የምትነቆረዋ ደግሞ ጥግ ይዛ ቆማ ሌሎቹ ከጠገቡ በኋላ ነው ወደ መኖ የምትመጣው።

ስለ እንቁላል መጣያ ሳጥን አንድም ቃል አልጻፍሽም፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ ነው የሚጥሉት ብዬ ገምቻለሁ። ዶሮ እንቁላል ስትጥል የውስጧ ቀይ ሥጋ ለትንሽ ጊዜ ወደ ውጪ ብቅ ይላል፣ ብርሃን ላይ ከሆነች ሌሎቹ ቀዩን አይተው ይነቁሩታል፣ ደም አንዴ ከታየ ሁሉም ይረባረባሉ።

በቃ የቲማቲም ሳጥን ፈልጊ፣ አሮጌው ይበቃል። አንድ ሳጥን ለ4 ወይ ለ5 ዶሮ ነው፣ ላንቺ 6 ወይ 7 ማለት ነው፣ አንዷ ገብታ የምትዞርበት 30 በ30 ሳንቲ ከሆነ ጥሩ ነው። ጨለም ያለው ጥግ ላይ በጎኑ አስቀምጪና ጭድ ጎዝጉዢ፣ ፊቱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደሽ እንደ መጋረጃ እስከ ግማሹ አንጠልጥዪ፣ ዋናው ነገር ውስጡ መጨለሙ ነው። እንዲለምዱት አንድ እንቁላል ውስጡ ተዪ፣ ወለል ላይ የጣሉትን ግን ቶሎ ቶሎ አንሺ፣ አለዚያ እዛው ይለምዳሉ።

የቆሰሉትን ዛሬውኑ ለያቸውና ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል ቀለም) ቀቢያቸው፣ ቀዩን ይሸፍነዋል። ሲድኑ ማታ ላይ መልሻቸው።

አምፖሉን ሌሊቱን ሙሉ ማብራቱን ግን እባክሽ ተዪው፣ በየሄድኩበት የማየው ነገር ነው፣ እንቁላል ይጨምራል እየተባለ ዶሮ እንቅልፍ ታጣለች። የቀኑ ብርሃን ተጨምሮ 16 ሰዓት ይበቃል፣ ከዛ በላይ ጠብ ነው የሚያበዛው።

በ10 ቀን ካልቀነሰ ጻፊልኝ፣ መኖ ሲሳሳም ይነቃቆራሉና፣ መኖው ላይ ፉርሽካ ቀላቅለሽበት ከሆነም ሳትደብቂ ንገሪኝ።