ኮሌጅ ስመርጥ የአየሩን ነገር ልቁጠረው ወይስ ልተወው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ዘንድሮ ሃይስኩል እጨርሳለሁ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኛል። አንዱ ሩቅ ሰሜን ነው፣ ልማረው የምፈልገው ዲፓርትመንት እዚያ በጣም ጠንካራ ነው ግን ዊንተሩ ረጅም ነው፣ ጨለማም ይበዛዋል ይላሉ። ሌላኛው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው፣ ትምህርቱም ደህና ነው፣ እንደ መጀመሪያው ግን አይሆንም። አባቴ «ለአየር ብሎ ትምህርት የሚመርጥ ሰው አላየሁም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ብርድ አልወድም፣ ቀኑ ሲጨላልም ደስ አይለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባትህ በአንድ በኩል ልክ ናቸው፣ ትምህርቱ ይቀድማል። ግን ዓመታት የምትኖርበትን ቦታ አየር ጭራሽ ከሂሳብ ማውጣትም አይሆንም፣ ምክንያቱም ጠዋት ከአልጋ ተነስቶ ክፍል የሚገባው ያው አንተ ነህ፣ ዲፓርትመንቱ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ከዶርም መውጣት ካቃተህ ምን ይጠቅምሃል።

አሁን ጥያቄህ ውስጥ ብርድና ጨለማ ተቀላቅለዋል፣ ለየብቻ እንያቸው። እኔ የምፈራልህ ብርዱን አይደለም። ብርድ በልብስ ይመከታል፣ ብርድ የለመዱ አገሮችም ህንጻዎቻቸውን አሙቀው ነው የሚይዙት፣ ካናዳ ኦታዋ ያለው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ህንጻዎቹ ከመሬት በታች በዋሻ መንገድ ስለተያያዙ ተማሪው ጃኬት ሳይደርብ ከክፍል ክፍል መሄድ ይችላል። ብቻ የአየር ትንበያ ስታይ ዲግሪውን ብቻ አትይ፣ ነፋሱንም እይ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ ፊትህ ላይ የሚሰማህ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ያህል ነው። ስትለብስ ደግሞ ከውስጥ ጥጥ አታድርግ፣ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ውጭ ስትቆም ያ እርጥበት ነው አጥንትህ ድረስ የሚገባው። ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ ከስር፣ በላዩ ወፍራሙን፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባውን፣ ክፍል ስትገባ ደግሞ እየቀነስክ መሄድ ነው ምክንያቱም ውስጡ በጣም ይሞቃል።

ጨለማው ነው ትልቁ ነገር። የፊንላንዷን ሄልሲንኪን ውሰድ፣ ዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣና ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፣ 6 ሰዓት የማይሞላ ብርሃን ማለት ነው፣ ያውም ደመና ካልሸፈነው። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ያለው ተማሪ በጨለማ ሄዶ በጨለማ ይመለሳል። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሳ አትወጣም፣ እዚያም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ ተማሪውም ይማራል ይመረቃል። ግን ሁሉም ሰው እኩል አይችለውም። በዊንተር ብቻ እየመጣ ስፕሪንግ ሲሆን የሚለቅ ድብርት እንዳለ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 ስም ሰጥተው ከጻፉበት ጀምሮ በደንብ ይታወቃል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ጣፋጭና ዳቦ ዳቦ ያሰኛል፣ ሰው ማግኘት ያስጠላል። ብዙ ተማሪ ይሄንን «ሰነፍኩ» ብሎ ነው የሚያልፈው፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም መፍትሄ ያለው ነገር ነው። ለዚሁ የተሰራ 10,000 ለክስ (ለክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት አለ፣ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጡበታል (የዓይን ችግር ወይም ባይፖላር የሚባለው ስሜትን በጣም ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እንዳይጀምር)። ኮርስ ስትመዘገብም የቀትሩን ሰዓት ክፍት ለማድረግ ሞክርና በዚያች ሰዓት ውጣ፣ ደመና ቢሆንም ውጣ፣ የውጭ ብርሃን ደመናም ሆኖ ከክፍል አምፖል በብዙ ይበልጣል።

ሞቃቱንም ደግሞ እንዲሁ ቀላል ነው ብለህ አትለፈው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰመር ቦስተን ውስጥ ሙቀት በበረታበት ሰሞን የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኤሲ ያለው ዶርምና ኤሲ የሌለው ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎችን ጠዋት ጠዋት ሲፈትኑ ኤሲ የሌላቸው መልስ ለመስጠት 13 በመቶ ያህል ዘግይተው ተገኙ። ጤነኛ ወጣቶች ናቸው እኮ! ደግሞ ቦስተን ቀዝቃዛ የምትባል ከተማ ነች፣ ስለዚህ የትም ብትሄድ ዶርሙ ኤሲ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ የዓመቱን አማካይ ሳይሆን ካምፓስ የምትኖርባቸውን ወራት ነው ማየት ያለብህ። ሲያትል በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከኒውዮርክ ያንሳል ሲሉት ሰው አያምንም፣ እውነት ነው ግን። ችግሩ የሲያትል ዝናብ በብዛት ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው፣ ማለትም ተማሪው ባለበት ጊዜ፣ ደረቁና ብሩሁ ሰመር ሲመጣ ተማሪው እረፍት ወጥቷል። የኮሌጅ ብሮሸር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሳሩ አረንጓዴ ነው ልጆቹም በቲሸርት ነው የሚታዩት፣ በፌብሩዋሪ የተነሳ ፎቶ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ብዙ አላየሁም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ፣ ጨለማ ሲሆን ትንሽ ቅር የሚልህ ብቻ ከሆነ ሰሜኑን ምረጥ፣ ተዘጋጅተህ ሂድ። ግን ከዚህ በፊት ድብርት ታክመህ ከሆነ ወይም ጨለማው ትምህርት እስክታቆም ድረስ የሚጥልህ ከሆነ፣ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም፣ ለአባትህም እንደዚያ ብለህ ንገራቸው፣ ሞቃቱን ብትመርጥ ማንም ሊወቅስህ አይገባም።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለባት። ርቃ ልትማር ነው፣ ምን ዓይነት አየር ያለበት ቦታ ይሻላታል? እናት ነኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ለአስም በደፈናው «ይሄ አየር ጥሩ ነው» የሚባል የለም፣ የሚቀሰቅስባት ነገር ምን እንደሆነ ነው የሚወስነው። ደረቅ ብርድ አንዳንዱን ደረቱን ያፍነዋል፣ እርጥበት የበዛበት ሞቃት ቦታ ደግሞ ሻጋታና የአቧራ ትንንሽ ተባዮች ይመቻቸዋል፣ ስፕሪንግ ላይ የአበባ ብናኝ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሟ ጋ ሄደው ቀስቃሹን ይለዩ፣ አመልክታበት ከሆነም ለምርጫው ጊዜ አለ።

ሰው የሚረሳው ጭሱን ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የተነሳው የሰደድ እሳት ጭስ በርክሌይ ድረስ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ክፍል እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር፣ ዴልሂም ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ አየሩ ይከብዳል። የምትሄድበት ከተማ የአየር ጥራት ልኬት ኢንተርኔት ላይ በየወሩ ይገኛል፣ መጥፎውን ወር ይፈልጉ። ከዚያ ለዶርም ኃላፊዎቹ ይጻፉላቸው፤ ክፍሉ ምንጣፍ አለው ወይ፣ ግድግዳው ይረጥባል ወይ፣ የአየር ማጣሪያ ማስገባት ይፈቀዳል ወይ፣ ክሊኒኩ ማታ ይሰራል ወይ። በጽሑፍ መልስ ይያዙ፣ የሐኪም ደብዳቤ ካላት ብዙ ቦታ የተሻለ ክፍል ይሰጧታል። እሷም ኢንሄለሩን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ብርድ ሲሆን ከጃኬቷ ስር ኪስ ውስጥ ትያዘው፣ በጣም ከቀዘቀዘ በደንብ ላይረጭ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፓይለት መሆን ነው የምፈልገው። ለኔ አየሩ ከሌላው ተማሪ የበለጠ ያሳስበኛል ወይስ ዝም ብዬ ነው?

መልስ፦ ዝም ብለሽ አይደለም እህቴ፣ ላንቺ አየሩ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው። ጀማሪ ተማሪ ደመና ዝቅ ሲል፣ ነፋስ ሲበረታ፣ ክንፍ ላይ በረዶ ሲይዝ አትበርም፣ በረራ በተሰረዘ ቁጥር ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይሄዳል። ኤምብሪ ሪድል የሚባለው የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶቹ ፍሎሪዳና አሪዞና መሆናቸው ያለ ነገር አይደለም፣ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ፍሎሪዳ ግን በሰመር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይጠፋም፣ ከጁን እስከ ኖቬምበርም የሃሪኬን ወቅት ነው፣ አሪዞና ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ሞተሩንም ክንፉንም ጉልበት ያሳጣዋል። በሌላ በኩል ደመናና ነፋስ ባለበት የተማረ ፓይለት ውጭውን ሳያይ የአውሮፕላኑን መሣሪያዎች ብቻ አይቶ መብረሩን ቶሎ ይለምዳል የሚሉ አሉ፣ አልቃወማቸውም፣ ለመጀመሪያው የአብራሪነት ፈቃድ ግን ክፍት ሰማይ ያለበትን እመርጥልሻለሁ። ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ጠይቂ፣ አምና የገቡት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ፈቃድ በአማካይ በስንት ወር ጨረሱ፣ ከተሰረዘው በረራ ስንቱ በአየር ምክንያት ነው፣ የተሰረዘው ሲተካስ ተጨማሪ ይከፈላል ወይ?