ካሜራዬ ለምን ይንኳኳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ በፎቶና በቪዲዮ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ብዙ ጊዜ ስቆጥብ ቆይቼ በዘመድ በኩል ከውጭ አገር አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው) ካሜራ ከነሌንሱ አስመጣሁ። ዋጋውን የሰማ ሁሉ «ባጃጅ ብትገዛበት ይሻልህ ነበር» ይለኛል። የተቸገርኩት ግን በድምፁ ነው። ጠፍቶ ሳለ ሳንቀሳቅሰው ውስጡ የወለቀ ብሎን ያለ ይመስል ኳ ኳ ይላል። ሳበራው መንኳኳቱ ይጠፋል፤ ይሁን እንጂ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጆሮዬን ሳስጠጋ እዝዝ የሚል ስስ ድምፅ እሰማለሁ። ከጥላ ወደ ፀሐይ ባዞርኩት ቁጥር ደግሞ ሌንሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። በቅርቡ አንድ የኒካህ ሥነ ሥርዓት ስቀርጽ፣ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ዱዓ በሚደረግበት ሰዓት ይኸው ድምፅ ቪዲዮው ውስጥ ገብቶብኛል። ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ «ልፍታውና ብሎኑን ላጥብቅልህ» እያለኝ ነው። ላስፈታው ወይስ ለሻጩ ልመልሰው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ጓደኛዎ መፍቻውን እንዲያስቀምጥ ይንገሩት። የገለጹልን ሦስቱም ድምፆች በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ የሚጠብቅም ብሎን የለም።

በአሁኑ ጊዜ በአብዛኞቹ ውድ ካሜራዎች ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ከቦዲው (ከካሜራው አካል) ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥን ለማካካስ ሲባል በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች እንዲንሸራተት ሆኖ የተሠራ ነው። አሠራሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ2003 ዲማዥ ኤ1 በተባለው ካሜራው ላይ አውጥቶት ነበር፤ ሶኒ ደግሞ በ2014 በአልፋ 7 ማርክ 2 አማካይነት ወደ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ወዳላቸው) ሚረርለስ ካሜራዎች አመጣው። ካሜራው ሲበራ ኤሌክትሪኩ ሴንሰሩን መሃል ላይ ይይዘዋል። ሲጠፋ ግን የሚይዘው ኃይል ስለሚቋረጥ፣ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሴንሰሩ እየተንሸራተተ ከመቆሚያው ጋር ይጋጫል። የሰሙት ኳኳታ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንደ ኒኮን ዜድ 6 እና ዜድ 7 ያሉት ካሜራው ሲጠፋ ሴንሰሩን ስለሚቆልፉት፣ የሌላ ሰው ካሜራ ዝም ብሎ የእርስዎ ብቻ ቢንኳኳ አይደንግጡ።

ድምፁ ከሌንሱም ሊመጣ ይችላል። በብዙ አዳዲስ ሌንሶች ውስጥ ፎከስ የሚያደርገው መስታወት በጥርስ ሳይሆን ሊኒየር ሞተር በሚባል የማግኔት ሞተር ስለሚነዳ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መስታወቱ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት አቧራ በሌለበት ክፍል ሌንሱን ነቅለው የቦዲውን ክዳን ይግጠሙና እያንዳንዱን ለየብቻው ቀስ አድርገው ዘንበል ቀና ያድርጉት። ሰው ሲጠራጠር እንደ ቡና ማሰሮ የመነቅነቅ ልማድ አለው፤ ይህ ፈጽሞ አያስፈልግም።

እዝዝታው ሴንሰሩን በቦታው የሚይዘው ኃይል ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ስታብላይዘሩን (ይህንኑ የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻ) ከሜኑ ውስጥ ሲያጠፉት ድምፁ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ተረጋገጠ ማለት ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቆሞ በሚቀርጽበት ጊዜ በአብዛኛው ስለማይፈለግ ቢያጠፉት ይመረጣል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ደግሞ የአፐርቸሩ ድምፅ ነው፤ የብርሃኑ መጠን ሲለወጥ ካሜራው የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ ወዲያው ስለሚያጠበውና ስለሚያሰፋው፣ ስስ ብረቶቹ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይሰማሉ።

የኒካሁ ቪዲዮ ጉዳይ ግን መፍትሔ ይሻል። የካሜራው የራሱ ማይክ ያለው ሌንሱ በተገጠመበት ቦዲ ላይ ስለሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ማንም የማይሰማውን ድምፅ አጉልቶ ይቀዳል። ካሜራው ላይ የሚገጠም ውጫዊ ማይክ ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የተሻለው መንገድ ሽቦ አልባ ማይክ ወይም ትንሽ መቅጃ ከሚናገረው ሰው አጠገብ አድርጎ ድምፁን በኋላ ከምስሉ ጋር ማዋሃድ ነው። ይህ ባይገኝ እንኳ፣ ዱዓው ከመጀመሩ በፊት ፎከሱን አስተካክለው ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ይለውጡ፤ አፐርቸሩንም በአንድ ቁጥር ላይ ያቁሙት። ሰዎቹ በተቀመጡበት የሚቆዩ ስለሆነ ካሜራው ፎከስ ፍለጋ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት አይኖርም።

ይህን ስል «ሁሉም ድምፅ የተለመደ ነው፣ ይለመዳል» የሚለውን የሻጮች መልስ መደገፌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ኒኮን ዲ600 ሴንሰር ላይ ነጠብጣብ እየታየ ተጠቃሚዎች ደጋግመው አቤት ካሉ በኋላ፣ አምራቹ በ2014 የዋስትና ጊዜው ያለፈበትንም ጭምር በነፃ ማጽዳትና ሸተሩን (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያሳልፈውን መጋረጃ) መቀየር ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚደገፈው ደግሞ በፎቶ ነው። እርስዎም የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁመው ከፊት ለፊት ያንሱትና የአራቱን ማዕዘን ፊደላት አጉልተው ይመልከቱ። አንዱ ጎን ብቻ ደብዝዞ ከታየና ካሜራው ጠመም ብሎ አለመቆሙን ካረጋገጡ፣ ድምፅ ቢኖርም ባይኖርም ሌንሱ መታየት አለበት። መጀመሪያ ያልነበረ ድምፅ ከመጣ፣ ዙሙ ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ከተንኮሻኮሸ (በበጋ የጅማ ዙሪያ መንገዶች ቀይ አቧራ የማይገባበት የለም)፣ ሸተሩ ድምፁን ቀይሮ በፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ከጣለ ወይም የስህተት ምልክት ከተደጋገመ፣ ድምፁን በስልክዎ ቀድተው ከደረሰኙ ጋር ለሻጩ በዘመድዎ በኩል ይላኩ። የብዙ አምራቾች ዋስትና ዕቃው በተገዛበት አገር ብቻ ስለሚሠራ ደረሰኙን ዘመድዎ እንዳይጥሉት አደራ ይበሏቸው። ጓደኛዎ ከከፈተው ግን ዋስትናው ከመሰረዙም በላይ፣ በጣም በረቀቀ ልኬት የተስተካከለ ሴንሰር በሞባይል መጠገኛ መሣሪያ ወደ ቦታው አይመለስም።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ የምርቃት ፕሮግራሞች ላይ ፎቶ አነሳለሁ። ንግግር እንዳልረብሽ ካሜራዬን ድምፅ አልባ ሳደርገው በፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች እየተጋደሙ ይወጣሉ። ሴንሰሩ ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም። በድምፅ አልባው አሠራር ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ አንዱ መስመር የደመቀውን፣ ሌላው የፈዘዘውን ብርሃን ይይዛል። የሸተሩን ፍጥነት አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ ቪዲዮ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ከአንድ ሃምሳኛ ጋር ይስማማል። ለመድረክ የሚተከሉ አንዳንድ ኤልኢዲዎች ግን በሌላ ፍጥነት ስለሚርገበገቡ መስመሩ ላይጠፋ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወደ መካኒካል ሸተር ይመለሱ፤ ለአንድ «ቀጭ» ብሎ ንግግሩን የሚያቋርጥ ተናጋሪ የለም።

ጥያቄ፦ የካሜራዬ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ታየኝ። ከውጭ ብጠርገው አይለቅም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚንኳኳ ካሜራ ባለቤቱን ሲያስጨንቅ፣ ፈንገስ ግን ያለ ምንም ድምፅ መስታወቱን ይበላል። የጅማ ዝናብ ክረምቱን ብቻ ጠብቆ የሚመጣ ስላልሆነ፣ በቆዳ ቦርሳ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከርም ሌንስ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ፈንገሱ ከቆየ የመስታወቱን ቅብ ስለሚፍቀው፣ ድሩ በባለሙያ ቢጸዳ እንኳ ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ ቶሎ ለሌንስ ባለሙያ ያሳዩት፤ እስከዚያው ከሌሎቹ ሌንሶች ለይተው ያስቀምጡት።

ለቀሩት ሌንሶች አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ በዛ ያለ ሲሊካ ጄልና አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም ሲደርቅ የሌንሱን ቅባትና ጎማ ይጎዳል። በሲሊካ ጄል ፋንታ ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ የሩዙ ብናኝ ሌንሱ ውስጥ ስለሚገባ አልመክርም። ቀለሙን የሚቀይረው ዓይነት ሲሊካ ከተገኘ፣ እርጥበት መጥገቡን ራሱ ያሳያል። ከፕላስቲክ ከረጢቱ አውጥተው በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ካደረቁት በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ መልሰው ይጠቀሙበት። ያገለገለ ሌንስ ሲገዙም በአንድ በኩል የስልክዎን ባትሪ አብርተው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።